ምንም አይነካም የተባለው ፍላሽ

ባለቤቴ ፍላሹን ከመሥሪያ ቤት ይዞ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ያልኩት «ማን ሰጠህ?» ነው።

«ልጆቹ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«የመሥሪያ ቤት ልጆች ናቸው በቃ።»

ይህ ለእኔ መልስ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ በመጣ ፍላሽ ዶክመንቶቼ በሙሉ በቫይረስ ከተበሉ ወዲህማ የሰው ፍላሽ ላፕቶፔ አጠገብ አላስደርስም።

«ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው» አለ። «ዊንዶውሱን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ላፕቶፓችን አርጅታለች፣ የኳስ ጌሜ በዚህ ይፈጥን እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። ካልሆነ እነቅለዋለሁ፤ ምንም አይነካም።»

«ላፕቶፓችን» ያላት የእኔ ናት። ከፍቼ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ፓስወርዱን አያውቅም። ምክንያት ነበረኝ። ውስጧ አንድ ፎልደር ሙሉ የባዶ ክፍሎች ፎቶ አለ። ከሥራ ሾልኬ እየወጣሁ ከደላላ ጋር ለሚ ኩራን ስዞር ያነሳኋቸው ናቸው፤ ለብቻዬ የምከራየው ቤት እየፈለግኩ ነበር። ባሌ አይመታኝም፣ አይጠጣም። ሌላ ሴት ይዞ እንደሆነ ብዬ ስልኩን ስበረብር ከርሜ አንዲት ነገር አላገኘሁም። አራብሳ የኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልን ከገባን ወዲህ ግን ከእኔ ጋር ማውራት ትቷል፤ ማታ ማታ ጌም ላይ ሲጣድ የማየው ጀርባውን ነው። እንዴት እንደምነግረው ስላላወቅኩ ዝም ብዬ ቤት አያለሁ።

ስለዚህ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ላፕቶፗ ጠፍታ ስትነሳ ሌላ መልክ ይዛ መጣች።

«ዊንዶውሴስ?»

«አለ፣ ተኝቷል።»

«ኢንስቶል የሚል ነገር ይታየኛል እኮ!»

«እሱን አልነካውም አልኩሽ። አንቺ ደግሞ፣ መርማሪ መሆን ነበረብሽ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስለቆየሁ እሱንም ጠረጠርኩት።

ተጭኖ ዊንዶውሴን እንዳያጠፋብኝ ዓይኔን ከኢንስቶሉ ላይ አልነቀልኩም። ወደዚያ ከሄደ እጁን ልይዘው ተዘጋጅቻለሁ።

እሱ ግን «ጌሙ ያለው ዲስክሽ ላይ ነው» ብሎ ሌላ ቦታ ከፈተ። ቀደም ሲል እኔው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያስጫንኩት የኳስ ጌም ነው። አሁን ፓስወርድ ይጠይቀዋል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ፓስወርድ ከቁብ ሳይቆጥር ፎልደሮቼን እንዳሉ ዘረገፋቸው። «ቤት» የሚለውን አየሁት። እሱም አየው።

«የእኛ ቤት ፎቶ ነው?» አለና ከፈተው።

ነጭ ግድግዳ፣ ጠባብ ኩሽና፣ የመታጠቢያው መስታወት ውስጥ እኔ ብቻዬን ስልኬን ይዤ። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል አያቸው። ጌሙን ረስቶታል።

«ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ለብቻሽ» አለ የመጨረሻው ላይ ቆሞ።

እንዲጮህ ፈለግኩ። ቢጮህ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ስንት ጊዜ በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ። አልጮኸም። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊት አየኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃ ይወጣል?»

«ይወጣል አሉ» አልኩት።