አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ በድምፅ ብልጫ

ለባለማዕረጎችና ለባለመድረኮች ሁሉ ይድረስ። ቁመቷ ከማቀዝቀዣዋ የማይበልጥ፣ ሲመሽ እግሯ የሚያብጥ አንዲት የጤና ጣቢያ የክትባት ጠባቂ ከሥራ መታገዷን እናውጃለን። ወንጀሏ ቴርሞሜትር ማንበብ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ዲግሪ እያነበበች መዝገብ ላይ ጽፋለች። ባልደረቦቿ «እትዬ በረዶ» ይሏታል። የክትባቱ ቅዝቃዜ ከሁለት ዲግሪ በታች አይወርድ፣ ከስምንት በላይ አይወጣ፣ አለዚያ ይበላሻል፤ ዕድሜዋ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል አለቀ። ቅዳሜ ማታ ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ መብራት ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ቴርሞሜትሩ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ጻፈችው። ማክሰኞ ለተቀጠሩት ሕፃናት ክትባቱ ያለ እሷ ፊርማ አይወጣም፤ እሷ ደግሞ አልፈርምም አለች።

ኃላፊው ሥልጠና በሄደ ቁጥር አንድ አዲስ ሐሳብ ሸክፎ የሚመለስ ሰው ነው። የዘንድሮው፣ እውነት እንደ ተመልካቹ ነው የሚል ነበር። ብልቃጡን በጣቱ ነካ አደረገና፣ «ለእርስዎ ሞቀ፣ ለእኔ ቀዘቀዘ፤ ሁለታችንም ልክ ነን» አላት። ቀጥሎ ሠራተኛውን ሰብስቦ ድምፅ አሰጠ። ዘጠኝ ለአንድ፣ ክትባቱ ቀዝቃዛ ሆነ። እሁድ እሁድ እውነት አንዲት ናት እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚዘምረው ገንዘብ ያዥ ሳይቀር እጁን አወጣ። ለካስ የሰኞ ሃይማኖቱ ሌላ ኖሯል።

እትዬ በረዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክርክር ሰልችቷታል።

«ልጄ፣ ክትባቱ እኮ ስብሰባው ላይ አልነበረም» አለች። «እኔም ቀዝቅዞ ባገኘው ደስ ባለኝ፤ ቤቴ ገብቼ እግሬን እሰቅል ነበር። እግዚአብሔር የሚያውቀው ቁጥር አንድ ነው። ፊቱ ስቆም ስንት ነበር ቢለኝ፣ ዘጠኙ ሰዎች ቀዝቃዛ ነው ብለው ነበር ልበለው?»

የእገዳ ደብዳቤዋ ምክንያቱን «የሌሎችን አመለካከት አለማክበር» ይለዋል። በእሷ ፈንታ ገንዘብ ያዡ ፈረመ።

ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ቆማ እናቶቹን አንድ በአንድ ተመለሱ ትላለች። ግማሾቹ ይሰድቧታል። አንዷ ልጇን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረች፣ «እማማ፣ እነሱ ደህና ነው አሉኝ፣ እርስዎ ተበላሽቷል አሉኝ፤ የማንን ልመን?» አለቻት።

«የእኔን አትመኚ። መዝገቡን አሳዩኝ በያቸው።»

ሁሉም የየራሱ እውነት አለው እያልክ ሻይ ቤት የምታመሽ አንባቢዬ፣ አንዲት ነገር ልለምንህ። የራስህን ልጅ ታቅፈህ ና፤ ከዚህች እናት ቀድመህ ግባ፤ ክንዱን ግለጥና፣ መርፌው ከመግባቱ በፊት፣ ኃላፊውን ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ «ሁለታችንም ልክ ነን» በለው።