በግራው በር ውስጥ የተጻፈ ስም

ሆራስ ታንዲ ኮቨንትሪ አጠገብ በነበረች ትንሽ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት አሉሚኒየም ቀጥቅጧል። ባትላሜራ ነበር። ፋብሪካዋ በሳምንት አራት መኪና ብታወጣ ነው፤ ሁሉም በእጅ የተሠሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የጌቶች መኪናዎች። የአንዱ በር ለሌላው አይገጥምም። ባለሙያው በሩን ከመዝጋቱ በፊት ከውስጥ በእርሳስ ስሙን ይጽፋል። ላሜራው ካልተቀደደ ያንን ስም የሚያየው የለም፤ ታዲያ ለማን ነው የምትጽፉት ሲባሉ ባለሙያዎቹ ሳቅ ብለው ያልፉ ነበር።

አሁን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ፋብሪካዋ ተዘግታለች፣ ሚስቱ ሞታለች፣ አንድ ጆሮውን የመዶሻው ጩኸት አደንቁሮታል። ጓሮው ባለች መጋዘን አልፎ አልፎ አሮጌ መኪና ይጠግናል። ባለፈው ጥቅምት ፊሊፓ የምትባል የጥርስ ሐኪም በዝናብ አንድ አረንጓዴ መኪና ይዛ መጣች። ልትገዛው አስባለች፤ ደጉንም ክፉውንም ሳይደብቅ እንዲነግራት ለመነችው።

ሆራስ ሰው ሰላም ለማለት ሰነፍ ነው፤ መኪና ሲነሳ ግን አንደበቱ ይፈታል። ሞተሩን አትጠራጠሪ፣ አንቺን ቀብሮ የልጅ ልጅሽን ይዞ ይሄዳል አላት። መሪው ታዛዥ ነው፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደዚህ የሚታጠፍ አታገኚም። ግን ዝናብ ሲዘንብ ጉልበትሽ ላይ ያንጠባጥባል፤ መብራቱ ደስ ሲለው ይበራል፤ መንገድ ተዘጋግቶ ከቆምሽ ይፈላል። ከሁሉም የከፋው ሌላ ነው። የላዩ አሉሚኒየምና የሥሩ ብረት ከተነካኩ ይበላላሉ። በመካከላቸው ቅባት የጠጣ ጨርቅ ካልገባ በሦስት ክረምት ዱቄት ይሆናል።

"ከላይ ስታይው ሙሽራ ነው፣ የኔ ልጅ፤" አላት። "ውስጡን ለቄስ።"

ይህን እያለ ኮፈኑን ከፍቶ ቁጥሩን አነበበ። መኪናውን ያውቀዋል።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ይኸው መኪና ግራ በሩ ተበልቶ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ቀኙን በር ሆራስ፣ ግራውን ደግሞ ጓደኛው ሌናርድ ፊስክ ነበሩ የሚሠሩት። አለቃው ጨርቁን የረሳው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሆራስ ቀና እንኳ ሳይል "ግራው የሌናርድ ነው" አለ። ሌናርድ በሩ ይከፈትና ስሙ ይታይ ብሎ ለመነ። አለቃው ለዚህ ብዬ በር አላበላሽም አለ፤ ከላይ አስለብጦ ቀለም አስቀባው። ሌናርድ በዚያው ሳምንት ተባረረ። የሚቀጥረው ጋራዥ ጠፍቶ፣ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ የገበያ አዳራሽ ጋሪ ሲገፋ ኖረ። ሆራስ ሥራችንን አዋረደ ብሎ ሰላምታ ነፈገው። መጠጥ ቤት ሲገናኙ ጀርባውን ይሰጠው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ፊሊፓ ጨርቅ መኖሩ እንዲታይ፣ በሩ ይከፈት ዘንድ የመኪናውን ባለቤት አስፈቀደች። ሆራስ ላሜራውን ሲቀደው ነጭ ዱቄት ጫማው ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ የለም። ከፍ ብሎ፣ ዱቄቱ ባልደረሰበት ቦታ፣ በእርሳስ ተጽፏል፦ ሆ. ታንዲ፣ ዓርብ።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሌናርድ የእጁ አንጓ አብጦ ነበር፤ የግራው በር ጉብጠት አስቸጋሪ ስለሆነ ና እንቀያየር ያለው ራሱ ሆራስ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለኳስ ጨዋታ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ተጣድፎ በሩን ዘጋው። መቀያየራቸውን ረስቶት ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን ወንድሙን የመሰለ ሰው እንጀራ ሲቆረጥ፣ ለማስታወስ አንዲት ደቂቃ አልሞከረም። ይህ ነው የሚያናድደው።

ስሙ ያለበትን ቁራጭ ቆርጦ በጋዜጣ ጠቀለለና ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሌናርድን በር አንኳኳ። ሌናርድ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጥቶ ከፈተ። ማንነቱን ሰምቶ ወደ ማድ ቤት አስገባው። ሻይ ግን አልጣደም። በዚያ ሰፈር ጠላት እንኳ ሲመጣ ሻይ ይጣዳል።

ሆራስ ጋዜጣውን ፈታ። ላሜራውን እጁ ላይ አኖረለት። ሌናርድ የመዶሻውን ምት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"የአንተ ሥራ ነው" አለ።

"ግራው በር ነው። ስሜ አለበት። ተቀያይረን ነበር፣ ሌን። አላስታወስኩም።"

"እኔ አስታውስ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ይከፈት አላልኩም? አንተም አብረኸኝ 'ይከፈት' ትላለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ሆራስ አለቀሰ። ሌናርድ ላሜራውን በጠረጴዛው ላይ ገፍቶ መለሰለት።

"እጅህስ ጥሩ ነበር" አለው። "ጨርቁንም ማንም ይረሳል፤ ቸኩለህ ነበር። ለዚያች አንዲት ቃል ግን፣ ሆራስ፣ የሚያመልጥህ አውቶቡስ አልነበረም።"