ከሞተሬ አልወርድም

ዛሬ ሀዳር በሚባለው ሰፈራችን ዳገት መሀል ላይ ሞተሬ ቀጥ ብላ ቆመችብኝ። ከኋላዬ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ይነፋል። ፌርማታው ላይ ደግሞ ወታደሩ ልጄ ለሻባት፣ ለሰንበት እረፍቱ፣ ቤት ሊገባ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል።

ሞተሯን ከገዛኋት ገና ሳምንቷ ነው። "በዚህ እድሜሽ ምን ነካሽ?" ያላለኝ የለም፤ የእሱ ግን ከሁሉ ይብሳል።

ሮጦ መጣ። "እማ፣ ውረጂና ወደ ዳር እንግፋት።"

"አልወርድም።"

"ሰው ሁሉ እያየን ነው።"

"ይይ። አንተ ጠመንጃ ይዘህ ስትሄድ እኔ ውረድ አልኩህ?"

(እሱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቋል፤ ይህን ግን አላነሳሁበትም።)

አስነሳሁና ክላቹን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። ሄደች።

ላይ ስደርስ ነፋሱ ልብሴን ነፋው። ስንት ዓመት ለጽዳት ሥራ የወረድኩበት ወደብ ከታች ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ልጄ በአውቶቡስ መጣ። እኔ ምሳውን አሙቄ ጠበቅኩት።

በልቶ ሲጨርስ "ቤሰደር፣ እሺ እማ፣ እሑድ ባቡር ጣቢያ ታደርሺኛለሽ?" አለኝ።

"እኔ ገና ለማጅ ነኝ፤ አንተ አውቶቡስ አለልህ" አልኩት።

እናንተስ፣ "በዚህ እድሜሽ" ወይም "በዚህ እድሜህ" የተባላችሁት ምን ልትጀምሩ ስትሉ ነው? ጀመራችሁት ወይስ ወረዳችሁ?