ልጄ የጻፈችልኝ አስተማሪ

ልጄ ፊልም ልትሠራ እንደሆነ ስትነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት «በምን ቋንቋ?» ብዬ ነው። «አማርኛ» አለችኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በአማርኛ አውርታኝ አታውቅም። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ እያልን ሃያ ሦስት ሞላት። አገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የገዛ ልጄ ቋንቋውን ስትሸሽ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። ለሰው ሁሉ «አሜሪካ ልጄን ቀማችኝ» እያልኩ አማርር ነበር። ስለዚህ «ዳዲ፣ ዩ አር ዘ ቲቸር» ብላ አስተማሪ ሆኜ እንድሠራ ስትጠይቀኝ፣ ከመጋዘን ሥራዬ ቅዳሜዎቼን አስለቅቄ እሺ አልኩ። ፊልሙ ምንም ይሁን፣ እኔ የፈለግኩት እንድታናግረኝ ነበር።

በጀት የሚባል ነገር አልነበረውም። ካሜራውን ያመጣው የኮሌጅ ጓደኛዋ ነው። መብራቱ ከእኛ ጋራዥ የወጣ ነው፤ ተዋንያኑም የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ናቸው። እናቶች በየተራ ፓስታ ይዘው ይመጣሉ። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ያልቃል። የምንቀርጸውም ሊንደን ሰፈር በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምርበት በነበረው ክፍል ነው። ዎርዝንግተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ትምህርት ቤት የሚያጸዳ ወዳጅ ስላለኝ «ሰፋ ያለ፣ ብርሃን ያለው ክፍል ላስፈቅድልሽ?» ብላት፣ «ኖ። ዚስ ሩም» አለች። ግትርነቷ ከእናቷ ነው ብዬ ተውኩት።

ጽሑፉን ሰጥታኝ አነበብኩት። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ተማሪ ጉባኤው ፊት መዝሙረ ዳዊት እንዲያነብ ይመረጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ አንድም ሳትሳሳት ታነባለች። አስተማሪው ግን «ገና ይቀርሻል፤ ቁጭ በይ» ብሎ ዕድሉን ለሌላ ይሰጣል። እኔን ያስተማረኝን አንድ መምህር የጻፈች መሰለኝ፤ ስለ ክፋቱ ብዙ አጫውቻታለሁና። ሳቅኩ። «ምን ዓይነት ደረቅ ሰውዬ ነው!» አልኳት። አላበቃሁም፤ ባለሙያ ነኝ አይደል፣ ምክርም ጨመርኩ። «እንዲህ ያለ ሰው ሲያስቀምጣት ፊቷን አያይም። ደብተሩን እያየ ነው የሚላት።» ልጄ ትክ ብላ አየችኝና ያልኩትን ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

ትዕይንቱን የቀረጽነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ተዋናይዋ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቁጭ ስትል ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። ልጄ ካሜራውን ትታ ልታሳያት መጣች። ሦስተኛው ወንበር ጋ ቆመች። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን ሸፈነችበት፣ ጫፉን በጥርሷ ያዘች።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ከፊቴ የተቀመጠችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነበረች። ደረቁ ሰውዬ እኔው ነኝ።

ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ የራስህ ልጅ ክፍልህ ውስጥ ካለች ከሁሉ አብልጠህ የምትጨክነው በእሷ ነው። ለልጁ አዳላ እንዳይባል። በእኛ ዘንድ ይህ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ያን ጊዜም ዕድሉን ሦስት ቦታ ለተሳሳተው ለአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ልጅ ሰጠሁት። ወላጆች «የራሱን ልጅ አስቀምጦ!» እያሉ አደነቁኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጎበዝ፣ በደንብ አንብበሻል» እንኳ አላልኳትም። ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት። አማርኛ የቀማኋት እኔ ሆኜ ሳለሁ ስንት ዓመት አገር ስከስስ ኖርኩ።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ልጅቷ ቆማ ጥርት አድርጋ አነበበች። እኔም የተጻፈውን ትቼ፣ «ጎበዝ! አንድም አልተሳሳትሽም። ጉባኤው ፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ» አልኩ። ምስኪን፣ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ወደ ልጄ ዞረች።

«ከት!» ብላ ልጄ ቀረጻውን አስቆመች።

ልጄ አጠገቤ መጥታ የኮቴን ኮሌታ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ እንደሱ አላልከኝም» አለች።

በአማርኛ ነው ያለችው። አማርኛዋ ምንም አልሆነም። አሥራ አራት ዓመት የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ፣ አንደበቷ የእኔው ነው።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ያን ቀን ከሁሉም የበለጥሽው አንቺ ነበርሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። የሚጠብቁትን ልጆች ዞራ አየችና፣ «እንዳልከው በለው» ብላኝ ወደ ካሜራው ተመለሰች።

ልጅቷ እንደገና አነበበች። አንገቴን ደፍቼ «ገና ይቀርሻል፤ ቁጭ በይ» አልኳት። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ እየተባለ አምስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ አምስት ጊዜ አስቀመጥኳት። በአምስተኛው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ፐርፌክት፣ ዳዲ» አለችኝ ልጄ።