በጓደኛዬ ፕሮግራም ቀናሁ

እኔና ጓደኛዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ። ለሁለተኛ ዲግሪያችን የያዝነው ርዕስም ያው አንድ ነበር፦ መኪና አልነሳ ሲል ምክንያቱን የሚናገር ፕሮግራም። ጌጃ ሰፈር ካሉ መካኒኮች የሰማነውን እውቀት አስገባንበት። አስቸጋሪው ነገር፣ አዲስ የተነገረው ፕሮግራሙ ቀድሞ ከሚያምነው ጋር ሲጋጭ የቱን ይጣል የሚለው ነው።

አንድ ቀን መምህራችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ፈተኑን። «መብራቱ አይበራም» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ፕሮግራሞች «ባትሪው ሞቷል» አሉ። «ባትሪው ትናንት የተገዛ ነው» ብለው ሲጨምሩ፣ የእኔ ስለ ባትሪ የሚያውቀውን በሙሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመረ። የእሷ ግን እምነቶቹን እንደየጥንካሬያቸው በደረጃ ይዟቸው ስለነበር ደካማውን ብቻ ጣለና «ባትሪው ደህና ነው፤ ገመዱን እዩ» አለ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ መምህሩ። ወደ እኔ ዞረው «አንቺም ከእሷ እይ» አሉኝ።

በታክሲ ስንመለስ እንዴት እንደሠራችው ታስረዳኛለች፤ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ውስጤ ግን አርሯል። ጓደኛዬ ለቤቷ ደውላ ኖሮ፣ ቤት ስገባ እናቴ ቀድማ ሰምታለች። «የታችኛዋ ልጅ ጎበዝ ናት አሉ» አለችኝ። ራት አልበላም ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ።

ከዚያ የራሴን ሥራ ትቼ የእሷን ጉድለት መፈለግ ያዝኩ። ፕሮግራሙን «እስኪ እይልኝ» ብላ የሰጠችኝ ራሷ ናት። ብዙ ከለፋሁ በኋላ አገኘሁት። «ተሳስቻለሁ፣ ባትሪው አሮጌ ነው» ብዬ ስጽፍለት አሁንም «ገመዱን እዩ» ይላል። አንዴ የጣለውን እምነት፣ የጣለበት ምክንያት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ መልሶ አያነሳም። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ወርጄ ነገርኳት። ፊቷ ሲጠቁር ለማየት ጓጉቼ ነበር።

«እንዴት አየሽው? እኔ እኮ ጭራሽ አላሰብኩትም» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ከሰዓቱን ሙሉ አብረን አስተካከልነው።

ሥራዋን ያቀረበች ቀን በመምህራኑ ፊት «ይህን ያገኘችው እሷ ናት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ተጨበጨበልኝ። እኔ ብሆን እንደዚያ አልልም ነበር፤ ይህን ሳስብ ደግሞ የባሰ ቀናሁባት።

አሁን እሷ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ታስተምራለች፣ እኔ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ተቀጥሬአለሁ። የጻፈችውን ሁሉ መጀመሪያ የምታሳየው ለእኔ ነው። እኔም አጥብቄ አነባለሁ። ስህተት ያጣሁበት ዕለት «ጎበዝ» እላትና ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ቤቴ እወጣለሁ።