ማዳም ስትተኛ የተማርኩት ሙያ

የድምፅ ትወና የሚባል ሙያ መኖሩን ሳላውቅ ነው ስሠራው የቆየሁት። ያስተማረኝም የማዳም እንቅልፍ ነው።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማዳም ምሳዋን ከበላች በኋላ ትተኛለች፤ እሷ ስትተኛ ደግሞ ቤቱ በሙሉ አብሯት መተኛት አለበት። ማንኪያ ከሰሃን ጋር ከተጋጨ ከመኝታ ቤት "ያ ቢት!"፣ አንቺ ልጅ ማለት ነው፣ የሚል ቁጣ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ግን አይጠፋም፤ ድምፁ ብቻ ይዘጋል። ትንሿ ልጇ ያለ ካርቱን አንድ ጉርሻ አትውጥም፤ ድምፅ የሌለው ካርቱን ደግሞ ያስለቅሳታል። በእንቅልፋም እናትና በአልቃሻ ልጅ መሃል የገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሲመረኝ ልጅቷን ታፋዬ ላይ አስቀመጥኩና በጆሮዋ የድመቷን ድምፅ ሆኜ ማውራት ጀመርኩ። ለቅሶዋን ትታ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ አፏን ለጉርሻ ከፈተች።

ከዚያ ቀን በኋላ ድመቷም ውሻውም ጠንቋዩም እኔ ሆንኩ። ካርቱኖቹ በራሳቸው ድምፅ ሲያወሩ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ከቻይንኛ አይሻልም። እኔ የማውቀው የገበያና የማድቤት ዐረብኛ ስለሆነ ንጉሡም ሲቆጣ እንደ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር የሚቆጣው። ክፉዋ ንግሥት ሁልጊዜ በማዳም ድምፅ ነው የምትናገረው። ልጅቷ እናቷን አውቃ ስትስቅ ማዳም እንዳትሰማብን አፏን በእጄ እይዝላታለሁ።

ሳላስበው ዓይኔ ከሥዕሎቹ አፍ የማይነቀል ሆነ። አፉ ሲከፈት መጀመር፣ ሲዘጋ መጨረስ ነው። ካስረዘምኩት ሥዕሉ አፉን ዘግቶ እኔ ብቻዬን ስለፈልፍ እገኛለሁ። ያን ጊዜ ልጅቷ "ኸላስ!"፣ በቃ፣ ብላ ጉንጬን ጥፊ ታቀምሰኛለች። ከእሷ የባሰ ተቆጣጣሪ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ዕረፍቴ ጁምዓ ነው። ዴም ሰፈር ውስጥ እንደ እኔ በየሰው ቤት ከሚሠሩ የወሎ ልጆች ጋር ተዳብለን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለችን፤ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግታ ውላ ጁምዓ ትሞላለች። አንዱን ጁምዓ ካርቱኑን በስልክ ከፍቼ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ በእኛው በወሎ አማርኛ ተረጎምኩላቸው። በሳቅ ሞቱ። በዕድሜ የምትበልጠን፣ እትዬ የምንላት ሴት፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ መጥተሽ ሽንት ቤት የምታጥቢው ምን በወጣሽ ነው?" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየም ነበር።

በኋላ ሳጣራ ለስቱዲዮው ባለቤት የነገረችውም እሷ ነች። ሰውየው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እዚያው ዴም ውስጥ ከአንድ የሐበሻ ካፌ ጀርባ አንዲት ክፍል ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽ ለብዶ ለሱቆች የአማርኛ ማስታወቂያ ይቀርጻል። ስለ ስደት የሚያስተምር አንድ ድርጅት በሥዕል የተሠራ አጭር ፊልም ሰጥቶት ነበር፤ ከወሎ ተነሥታ በደላላ ካርቱም ስለምትገባ አንዲት ልጅ ነው። ሥዕሉ አልቋል፤ ልጅቷ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ሰውየው የዐረብ ሀገር ፊልም በአማርኛ ድምፅ ይቀርጽ የነበረ ነውና አፍ ከድምፅ ጋር መግጠሙን አጥብቆ ይጠብቃል። አንድ ዐረፍተ ነገር አስነበበኝ። ከልጅቷ አፍ ጋር እኩል ስጨርስ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ማዳም" አልኩት።

ከዚህ ፊልም በኋላ የልጆች ካርቱን እንደሚመጣለት ነገረኝ። ብዙ ክፍል ያለው፣ ለወራት የሚያሠራ። ሥራዬን ከወደደው ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እኔ እንደምሆን፣ የሰው ቤት ሥራ እንደምተው ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ነገር የለም። "ያ ቢት" የማይባልበት ቦታ፣ እኔ ካልተናገርኩ ማንም የማይናገርበት ቦታ።

ሁለት ጁምዓ ቀረጽን። ማራገቢያው ድምፅ ስላለው ይጠፋል፤ በካርቱም ሙቀት ፍራሽ ውስጥ እንደ መቀቀል ነው። ሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ሲያልፍ እናቆማለን፤ አዛን ሲል እናቆማለን። ልጅቷ ስትሮጥ ባለሁበት ቆሜ እሮጣለሁ። በረሃው ላይ ስትጠማ ደረቅ ብስኩት አኝኬ ሳልውጥ ተናገርኩ፤ ሰውየው "ይሄንን ከየት አመጣሽው?" አለኝ። ከመንገዱ ነዋ። እኔም በዚያው መንገድ ነው የመጣሁት። መንገዱ ማር ነው ብዬ ለማንም አልዋሽም፤ ደላላው ጫማዬን ሳይቀር ነው የወሰደው። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ጥማት፣ ድንጋጤ፣ ዱላ፣ ሁሉንም በሙሉ ልቤ ነበር የሠራሁት።

የመጨረሻው ቦታ ላይ ስንደርስ የልጅቷ ፊት ስክሪኑን ሞላው። ፊት ለፊት እያየችን የምትለው ተጽፎ ተሰጠኝ። "ጥፋቱ የራሴ ነው። እባካችሁ እንደ እኔ አትሞኙ።"

አነበብኩት።

"ይቺን አልልም" አልኩት።

"ምኗን?"

"ጥፋቱ የራሴ ነው የምትለዋን።"

ሳቀ። "አንቺ እኮ አይደለሽም የምትይው፤ እሷ ናት።"

"እሷ አፍ የላትም። አፏ እኔ ነኝ።"

"እህቴ፣ ሥራ ነው። ማዳምን ሆነሽ ስትናገሪ ማዳም ሆንሽ እንዴ?"

"ደላላውስ?" አልኩት። "ደላላው የት ጋ ነው ጥፋቱ የራሴ ነው የሚለው?"

"ደላላው ከበረሃው በኋላ የለም።"

"አልተሣለም?"

"አልተሣለም።"

እንዲህ ነው እንግዲህ። የመታት አለ፣ የዘረፋት አለ፣ ወሯን ሙሉ አሠርቶ ደመወዟን የከለከላት አለ። በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ይቅርታ የምትጠይቀው ግን እሷ ብቻ ነች። ፊልሙን ደግሞ እኛ አገር ወስደው በየቀበሌው ሊያሳዩት ነው። እናቴ ትሰማዋለች። በላክሁት ገንዘብ ትምህርቷን የጨረሰችው እህቴ ትሰማዋለች። ድምፄን ስለሚያውቁ ሥዕል ነው ብሎ የሚያሳምናቸው የለም። ሞኝ ነበርኩ ብዬ በገዛ አፌ እንድነግራቸው ነው የተፈለገው። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

"እንግዲያው ይሄን ልበል" አልኩትና ሥዕሉን ወደ ኋላ እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። የልጅቷ አፍ ሲከፈት ጀመርኩ። "ሠርቼ ነው የበላሁት። ማንም ተነሥቶ ሞኝ አይበለኝ።" አፏ ሲዘጋ ጨረስኩ። ልክክ አለ። እሷም ብትሆን መጀመሪያውኑ ያንን ልትል የተሣለች ነበር የሚመስለው።

ሰውየው መግጠሙን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን ራሱን ነቀነቀ። "ጽሑፉ የጸደቀ ነው። አንድ ቃል ከነካሁ ሥራውን ይነጥቁኛል። ነገ ካርቱኑንም አያመጡልኝም።" ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ፈሪ ግን ከክፉ ብዙም አይሻልም፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው፣ አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የእኔን ድምፅ አጥፍቶ ፊልሙን እንደ አዲስ በሌላ ሴት አስቀረጸው። ክፍላችን ውስጥ ግን ነገሩ አልበረደም። ልጆቹ በየጁምዓው የመጨረሻውን ቦታ ድገሚልን ይሉኝ ነበር። ልብስ እያጠብን፣ ፀጉር እየተሠራራን "ሠርቼ ነው የበላሁት" መባባል ልማዳችን ሆነ። አንዷ ከማዳሟ ጋር ተጣልታ ስትመጣ፣ "አልሽያት?" ብለን እንጠይቃታለን።

ፊልሙ ያለቀ ጊዜ ድርጅቱ ለሐበሾች ይታይ አለና በአንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ካፌው ሆሽ ውስጥ፣ ግቢው ውስጥ ማለት ነው፣ ሰዉ ተጠራ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እትዬ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የቀን ሥራ የሚሠሩ ወንዶች በግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ እኛ ሴቶቹ ከፊት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠናል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጠገቡ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ከድርጅቱ የመጣው ሰውዬ ከፊታችን ተቀምጧል። የስቱዲዮው ባለቤት ሲያየኝ ቀረብ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ካርቱኑ እየመጣ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም። ያችን ነገር እርሺያት" አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ ምን እዋሻለሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። የሌላዋ ሴት ድምፅ ያምራል፤ የዜና አንባቢ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ገና ከደላላው ጋር መኪና ላይ ሳትወጣ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ላፕቶፑ በባትሪው ሥዕሉን ያሳያል፤ የራሱ ድምፅ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም። የካፌው ጀነሬተር ነዳጅ የለውም። ቆይ ይመጣል ተባለ፤ ግን ማን ይቆያል? እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት በየቤታችን መገኘት አለብን። ሰዉ ወንበር መግፋት ጀመረ።

"አንቺ ልጅ" አለች እትዬ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። "ተነሽና አሰሚን። ልማድሽ አይደል?"

የድርጅቱ ሰው ግራ ገብቶት የስቱዲዮውን ባለቤት አየው። "ጽሑፉን ታውቀዋለች?"

"ታውቀዋለች" አለ እሱ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። ከዚያ በራሱ እጅ የላፕቶፑን ድምፅ ዘጋው።

ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። ማዳም እንደተኛች አስቤ ጀመርኩ፤ ልዩነቱ ዛሬ ማንሾካሾክ የለም። እናትየውን ሆንኩ፣ ደላላውን ሆንኩ፣ ልጅቷን ሆንኩ። ደላላው ሲምል ወንዶቹ ከኋላ "ወላሂ እሱ ራሱ ነው" እያሉ ሳቁ። በረሃው ላይ ማንም አልሳቀም። ብስኩት ባይኖርም ጉሮሮዬ የምሩን ደርቆ ነበር።

የልጅቷ ፊት ስክሪኑን ሲሞላው የስቱዲዮው ባለቤት አንገቱን ወደ እኔ አዘነበለ። "በአላህ ይዤሻለሁ" አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ካርቱኑ፣ የፍራሽ ክፍሉ፣ የራሴ ሙያ፣ ሁሉም እዚያች አፍ ላይ ነበር። የተጻፈውን ብል የሚጎዳኝ አልነበረም። መብራት ጠፍቶ የተባለ ነገር ነው፤ እናቴም አትሰማውም። ይህንንም አሰብኩት። ግን ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብለው ከርመው በአንዲት ጁምዓ የመጡ ናቸው። በዚያች ዕረፍታቸው ሞኞች ናችሁ የምላቸው እኔ ነኝ እንዴ?

አፏ ተከፈተ።

"ሠርቼ ነው የበላሁት" አልኩ። "ማንም ተነሥቶ ሞኝ አይበለኝ።"

አፏ ተዘጋ። ከድምፄ ጋር እኩል። ካርቱኑ ከእጄ መውጣቱን እዚያው አወቅኩት፤ የስቱዲዮው ባለቤት ፊቱን አዙሮ ነበር። ግን ጉሮሮዬ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

የክፍላችን ልጆች አብረውኝ ብለውት ኖሮ የድርጅቱ ሰው ከማን እንደ ጀመረ ሊለይ አልቻለም። እኔንና እነሱን አፈራርቆ አየ። ምን ሊል እንደነበር እንጃ፤ ድንገት መብራቱ መጣና ድምፅ ማጉያው ጮኸ። የድርጅቱ ሰው ብድግ አለ።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለ። "ያ ትክክለኛው አይደለም። አሁን ከመጀመሪያው በትክክለኛው ድምፅ ታዩታላችሁ።"

እትዬ ነጠላዋን አጣፋችና ከወንበሯ ተነሣች።

"አይ ልጄ፣ አትድከም" አለችው። "እኛ ሰምተነዋል።"

ሴቶቹ ወንበሮቻቸውን እየገፉ ተነሡ፤ እኛም መግሪብ ሳይደርስብን ሪክሻ ፍለጋ ወጣን። ከኋላችን ያ የሚያምረው ድምፅ ለባዶ ወንበሮች ከመጀመሪያው ጀመረ።