ሁላችንም ከአህያ ወድቀን ነበር፤ ለመተማዋ ዘሃራ

ዘሃራ ሞተች አሉኝ።

አላመንኩም። ባለፈው ሐሙስ ደውላ «ጥርስሽ ስንት ቀረ?» እያለች ስትስቅብኝ ነበር። ዛሬ በጠዋት የልጅ ልጇ ከሸሕዲ ደውላ «እማማ፣ አያቴ ሐቦባ ጎሕ ሲቀድ አረፉ» ስትለኝ ስልኩን ለልጅ ልጄ ሰጠኋት። «አንቺ ስሚው፣ እኔ በደንብ አልሰማሁም» አልኳት።

ሰምቼ ነበር።

ዘጠና ያለፋት ሴት ብትሞት ምን ያስደነግጣል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ዘጠናን አልፌያለሁ፤ ግን ደነገጥኩ። እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የምልሽን ሁሉ ሳታስቀሪ ጻፊ ብያታለሁ።

ከዘሃራ ጋር ያደግነው መተማ ዮሐንስ ነው፣ ጣሊያን ከተማውን ይዞ በነበረበት ጊዜ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። የእሷ አባት ጨርቅና ጨው የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ጉድጓድ ውሃ እንቀዳለን።

አባቴ ደጅ ሲወጣ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ለቅሶ ቤት አይቀር፣ ሰርግ ቤት አይቀር። ቤት ሲገባ አለንጋውን ከግድግዳው ያወርዳል። እንስራው ስለተሰነጠቀ፣ ማሽላውን ወፍ ስለበላው፣ ወይም እንዲሁ ያለምንም። አንድ ቀን ክንዴ አብጦ ምንም ማንሳት አቃተኝ። እናቴ ቅቤ እያሸችኝ «የቤታችንን ገመና እንዳታወጪ። ከአህያ ወደቅሁ በያቸው» አለችኝ።

ጉድጓዱ ዳር ዘሃራ ክንዴን አየችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ከአህያ ወደቅሁ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። የእኔንም ውሃ ቀድታ አሸከመችኝ። እሷም አንዳንድ ቀን ታነክስ ነበር። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ቤታችን ሰላም ነው» ትለኛለች። ሳልጠይቃትም ትለዋለች። ይቺን አባባሏን እስከ እርጅናዋ አልተወቻትም።

እኔ ደግሞ ቤታቸውን እመኝ ነበር። አባቷ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ለሰፈሩ ልጆች ተምር ያድሉናል። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተምሩን እየበላሁ «ምነው የእሳቸው ልጅ ባደረገኝ» እላለሁ በሆዴ።

ጣሊያን ሊወጣ ሲል ማዶ፣ ሱዳን በኩል ገላባት ላይ ውጊያ ተጀመረ። አውሮፕላን መጣ ሲባል የሰፈሩ ሰው ሸሽቶ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተኛ። እኔና ዘሃራ ጎን ለጎን ነበርን። መድፉ ሲያጓራ እኔ አሸዋ ነክሼ አለቅሳለሁ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ድምፁ ራቅ ሲል አባቷ ቀና ብለው ሰማዩን ለማየት፣ ፀሐዩን ሊከልሉ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ብድግ አደረጉ።

ይኼኔ ዘሃራ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና ኩርምት አለች።

እኔ ቦምቡን ፈርታ መሰለኝ።

ከዚያ እሷ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተድራ ሄደች። ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለስ እኔ የልጆች እናት ሆኜ አገኘችኝ። ልትጠይቀኝ ቤቴ እንደተቀመጠች ልጄ የሰሊጥ ዘይት ደፋች። ዱላ አነሳሁ። ዘሃራ ተነስታ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አስቀምጪው!»

«የገዛ ልጄ አይደለች እንዴ? ልቅጣት እንጂ!»

«አባቴም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

«የትኛው አባትሽ?» አልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ ግን ተምር የሚያድሉን አባቷ ልጅ ይመታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀሚሷን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ ጀርባዋን አሳየችኝ። «ጨርቅ በሚለካበት ብረት ነው» አለች።

«እኔ እኮ የእናንተን ቤት እመኝ ነበር» አልኳት።

«እኔም የእናንተን። አባትሽ ጉድጓዱ ዳር መጥተው ሲያስቁን እያየሁ።»

 ከዚያ አብረውን ውሃ ይቀዱ የነበሩትን ልጆች በስም መጥራት ጀመርን። ጥርሷ የወለቀውን። ጣቷ የተጣመመውን። አንድ ሳምንት ጠፍታ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ የመጣችውን። ምን ሆናችሁ ሲባሉ ምን ይሉ እንደነበር ትዝ ሲላት ዘሃራ አፏን በእጇ ያዘች።

ሁሉም ከአህያ ወድቀው ነበር።

«በዚያ ሰፈር እኮ ይህን ያህል አህያ አልነበረም» አለች።

አልሳቅንም። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኛ ቤት ብቻ፣ የእኔ ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰው የዚያን ዘመን ክፋት ሲያወራ ጣሊያንን ነው የሚያነሳው። እውነት ነው፣ ክፉ ነበር። እኛ ግን ጣሊያንን የምንፈራው ደጅ ስንወጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጄን አልመታሁም ብል ዋሾ ነኝ። ሁለት ጊዜ መትቻታለሁ። ያቺ ልጄ የዚህች የምትጽፍልኝ ልጅ እናት ናት። አሁን መጻፉን ትታ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ከሰዓት የልጅ ልጇ ደግማ ደወለች። ቀብሩ ተፈጽሟል። ሽበት ያበቀሉ ወንዶችና ሴቶች፣ ዘመዶቿ ያልሆኑ፣ መቃብሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀሱ አለችኝ። «ቤት ሲመቱን የምንሮጠው እሳቸው ጋ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አባታችንን አላሳልፍም ይሉት ነበር» ብለው ነገሯት።

ይህንን ሁሉ ዓመት ስናወራ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ዘሃራዬ፣ አንቺ ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ይደበቃል? እግሬ ከድቶኝ አልቀበርኩሽም፤ አትቀየሚኝ። እኔም የምቆየው ብዙ አይደለም። ስመጣ ስንት ልጅ ከበርሽ ጀርባ እንዳስጠለልሽ አንድ በአንድ፣ በየስማቸው ትነግሪኛለሽ። እስከዚያው ደኅና ሁኚ፣ እህቴ።